ለክላውድ ፕራክቲሽነር ፈተና ስዘጋጅ የሞዴል ውጤቴ ከ60 አልወጣ አለኝ፤ አጠናኔን ልቀይር ወይስ ልግፋበት?

ከሜክሲኮ አደባባይ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ አንድ ድርጅት በሒሳብ ክፍል ውስጥ የምሠራ ሴት ነኝ። የኮምፒውተር ትምህርት ምሩቅ አይደለሁም፤ ሆኖም ድርጅታችን የሒሳብ ሥርዓቱን ወደ ክላውድ (በኢንተርኔት ወደሚከራይ ሰርቨር) ለማዛወር በተነሣ ጊዜ ከባለሙያዎቹ ጋር በተደረጉት ስብሰባዎች ላይ ተቀምጬ ከሚነጋገሩት ግማሹን እንኳ ሳልረዳ መውጣቴ ስለከነከነኝ፣ ክላውድ ፕራክቲሽነር የተባለውን የአማዞን የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ለመውሰድ ወሰንኩ። ላለፉት ሁለት ወራት ከሥራ በኋላ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ አጥንቻለሁ፤ አማዞን ስኪል ቢልደር በተባለው የማሠልጠኛ ድረ ገጹ ላይ በነፃ የሚሰጠውንም ኮርስ ጨርሻለሁ። የአገልግሎቶቹን ስም ከነትርጉማቸው በትናንሽ ካርዶች ላይ ጽፌ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር አያቸዋለሁ፤ እስካሁን 140 ያህል ካርዶች ሆነዋል።

ይሁን እንጂ የሞዴል ፈተና ውጤቴ በ55 እና በ60 በመቶ መካከል ቆሞ ቀረ። ካርዱ ላይ ሳየው የማውቀው ስም ጥያቄ ውስጥ ሲገባ ይጠፋብኛል። ትናንት ማታ የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንዱ ጥያቄ በኢሲ-2 (አማዞን ሰርቨር በሚያከራይበት አገልግሎት) ላይ በሚሠራ ሰርቨር የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የደኅንነት ማሻሻያ መጫን የማን ኃላፊነት እንደሆነ ይጠይቃል፤ “የአማዞን” ብዬ መለስኩ፣ ተሳሳትኩ። ጥቂት ቆይቶ አርዲኤስ ስለተባለው የአማዞን የዳታቤዝ አገልግሎት ያንኑ የመሰለ ጥያቄ መጣ፤ ከፊተኛው ተምሬ “የደንበኛው” አልኩ፣ እርሱም ስሕተት ሆነ።

ክፍያው 100 ዶላር ነው፤ ደመወዙን በብር ለሚቀበል ሰው ደግሞ ሁለተኛ ዕድል ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ ካርዶቹን ማጥናቴን ልቀጥል ወይስ መንገዱ ራሱ ነው የተበላሸው? ፈተናውን ከቤት ሆኜ ብወስድ ይሻላል ወይስ የፈተና ማዕከል ሄጄ? ደግሞስ ኤዜድ-900 በተባለው የማይክሮሶፍት ክላውድ የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ብጀምር ይቀለኝ ይሆን?

የሰርቨር ክፍል

እህቴ፣ መንገዱ ነው የተበላሸው፤ ጥረትዎ ግን ከበቂ በላይ ነው። ካርድ ስምን ያስታውሳል፤ ይህ ፈተና ግን በአብዛኛው የሚጠይቀው ሥራው በማን እጅ እንደሆነና ክፍያው በምን እንደሚቆጠር ነው። ሁለቱን የተሳሳቱባቸውን ጥያቄዎች ያነሣኋቸው እንደሆነ የፈተናውን ልብ ያገኙታል።

ድርጅትዎ ካዛንቺስ ባለ አንድ ሕንፃ ላይ ቢሮ ተከራየ እንበል። የዋናው በር ጥበቃ፣ ሊፍቱ፣ ጄኔሬተሩ፣ የውኃው ታንከር የአከራዩ ኃላፊነት ነው። የቢሮዎን በር መቆለፍ፣ ቁልፉ ለማን እንደተሰጠ ማወቅ፣ ካዝናውን መዝጋት ግን የእርስዎ ነው፤ ሌባ በተከፈተ በርዎ ቢገባ አከራዩን ሊከሱ አይችሉም። ይህ በሁሉም አገልግሎት ላይ የማይለወጥ መሠረት ነው፤ ሕንፃው፣ መብራቱ፣ ብረቱ የአማዞን ሲሆን መረጃዎና ለማን ፈቃድ እንደሰጡ ሁልጊዜ የእርስዎ ነው። የሚለዋወጠው በመካከል ያለው ነው። ኢሲ-2 ባዶ ክፍል እንደመከራየት ነው፤ ጠረጴዛውን የሚያስገባውም የሚጠግነውም ተከራዩ ስለሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የሚያድሰው ደንበኛው ነው። አርዲኤስ ግን ዕቃው ተሟልቶ ጽዳቱ በአከራዩ የሚሠራ ቢሮ ነው፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙንም ሆነ የዳታቤዝ ሞተሩን ማሻሻያ አማዞን ይጭናል፣ እርስዎ ጥገናው የሚደረግበትን ሰዓት ይመርጣሉ፣ ማን ወደ ዳታቤዙ እንደሚገባም ይወስናሉ። “አማዞን ነው” ወይም “ደንበኛው ነው” የሚለውን መልስ በቃልዎ ከያዙ ሁልጊዜ አንዱ ጥያቄ ያመልጥዎታል፤ አገልግሎቱ ምን ያህል ተሟልቶ እንደተከራየ ከጠየቁ ግን ያላጠኑትንም ይመልሳሉ።

በዚሁ ሕንፃ ሌሎቹንም መለየት ይቻላል። ብዙ ተፈታኝ ክላውድትሬይልን ከክላውድዋች ጋር ያምታታል። ክላውድትሬይል በሩ ላይ ዘበኛው የሚያስፈርመው መዝገብ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገ ይነግርዎታል። ክላውድዋች ደግሞ ቆጣሪው ነው፤ ሰርቨሩ ስንት በመቶ እየሠራ እንደሆነ ያሳያል፣ ከወሰን ሲያልፍም ይጮኻል።

ስለዚህ ምክሬ 140ዎቹን ካርዶች ይዘው እያንዳንዱን እንደገና በአማርኛ፣ ለሥራ ባልደረባዎ እንደሚያስረዱ አድርገው፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ነው፤ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው፣ የምንከፍለውስ በምን ሥሌት ነው? በአማርኛ መጻፍ ያቃተዎት ካርድ ያልገባዎት ካርድ ነው። እኔ ራሴ እንግሊዝኛውን ሸምድጄ ገብቶኛል ብዬ የቆየሁባቸው ነገሮች ስንት እንደነበሩ ያወቅሁት ለታናሽ ወንድሜ ላስረዳ ስሞክር ነው።

ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም፤ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ቋንቋው ላልሆነ ሰው ግን 30 ደቂቃ ይጨመራል። 90 ደቂቃው 120 ይሆናል ማለት ነው። ይህን ተጨማሪ ጊዜ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ከፈተና መመዝገቢያ አካውንትዎ ላይ መጠየቅ አለብዎት፤ ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ቀጠሮውን ከያዘ በኋላ ነው። ከ65ቱ ጥያቄዎች ነጥብ የሚያዝባቸው 50ዎቹ ናቸው፤ የቀሩት 15 ለሙከራ የገቡ ሲሆኑ የትኞቹ እንደሆኑ አይነገርም። ስለዚህ ጭራሽ የማያውቁት ጥያቄ ሲመጣ አይደንግጡ፤ ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለም ምንም ጥያቄ ባዶ አይተዉ።

ፒያሳ ሁለተኛ ፎቅ

ከላይ የተሰጠውን ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። እኔ ስለ ቤትና ስለ ማዕከሉ ብቻ ልመልስ፤ ዋጋ የከፈልኩበት ጉዳይ ስለሆነ።

የመጀመሪያውን ፈተናዬን ከቤቴ ሆኜ ነበር የጀመርኩት። ክፍሉን አጽድቼ፣ ጠረጴዛው ላይ ከላፕቶፑ በስተቀር ምንም ሳይቀር አንሥቼ፣ የክፍሉን አራት አቅጣጫ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ልኬ፣ ስልኩን ከእጄ አርቄ ተቀመጥኩ። 23ኛው ጥያቄ ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪ ቢቀጥልም ራውተሩ ጠፋ፤ ፈተናው ተቋረጠና እንደገና ለመቀመጥ ሦስት ሳምንት ያህል ጠበቅሁ። በእነዚያ ሳምንታት ያጠናሁት መርገቡ ከሁሉ በላይ አሳዘነኝ። ሁለተኛውን ማዕከል ሄጄ ወሰድኩ፤ በሰላም ተጠናቀቀ። ቤትዎ ለራውተሩም የሚበቃ የመጠባበቂያ ባትሪ ከሌለው፣ ወይም ልጆችና እንግዳ በር የሚከፍቱበት ከሆነ፣ ማዕከሉን ይምረጡ። ከቤት ሲወስዱ ሌላ ሰው ወደ ክፍሉ መግባቱ ብቻውን ፈተናውን ሊያስቆም ይችላል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው ስም ነው። በአካውንትዎ ላይ ያለው ስም በመታወቂያዎ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የእኛ ስም ደግሞ በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለያያል። በእኔ አካውንት ላይ የአባቴ ስም ከፓስፖርቴ በአንድ ፊደል ይለይ ነበርና ከቀጠሮው በፊት ባላስተካክለው ኖሮ በር ላይ እመለስ ነበር። ፓስፖርትዎን ከፊትዎ አስቀምጠው ፊደል በፊደል ያስተያዩ።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። የቀጠሮው ኢሜይል በእኛ አቆጣጠር አይጽፍም። አብሮኝ ያጠና ጓደኛዬ “8፡30” የሚለውን አይቶ ከቀኑ 8፡30 መስሎት ምሳውን በልቶ ተረጋግቶ ሄደ፤ ቀጠሮው ግን ከጠዋቱ 2፡30 ነበር። የከፈለው ገንዘብ በዚያው ቀረ። ኢሜይሉ እንደደረሰዎ ስድስት ሰዓት ቀንሰው በትልቁ በወረቀት ላይ ይጻፉት።

አሠልጣኝ ከስታዲየም

የሒሳብ ባለሙያ መሆንዎ በዚህ ፈተና ላይ የቱን ያህል እንደሚጠቅምዎ ማንም ስላላነሣው እርሱን ላንሣ። በአሁኑ የፈተና መመሪያ መሠረት፣ ማለትም ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው የፈተናው እትም (ሲኤልኤፍ-ሲ02) ላይ፣ የክፍያና የዋጋ ክፍል 12 በመቶ ይይዛል። የክላውድ ጽንሰ ሐሳብ የሚባለው 24 በመቶም ቢሆን ሰርቨር ገዝቶ በቋሚ ንብረት መመዝገብና እንደ ሥራ ማስኬጃ ወጪ በየወሩ መክፈል ያላቸውን ልዩነት ደጋግሞ ይጠይቃል። ይህን የኮምፒውተር ምሩቃን ይቸገሩበታል፤ ለእርስዎ ግን የዕለት እንጀራዎ ነው።

የመሣሪያዎቹን ስሞች በራስዎ የሥራ ቋንቋ ይዩዋቸው። ፕራይሲንግ ካልኩሌተር ፕሮፎርማ ነው፤ ከመግዛት በፊት ዋጋ ይገመትበታል። በጀትስ ስሙ እንደሚለው በጀት ነው፤ ወጪው ወሰኑን ሊያልፍ ሲል ያስጠነቅቃል። ኮስት ኤክስፕሎረር የወጣውን ገንዘብ በወርና በአገልግሎት እየለየ ያሳያል። እነዚህን ሦስቱን የሚያምታታ ተፈታኝ አይቻለሁ፤ ፕሮፎርማን ከወጪ ሪፖርት ጋር የሚያምታታ የሒሳብ ሠራተኛ ግን አላየሁም።

ይሁንና በማንበብ ብቻ አይወሰኑ። የራስዎን የአማዞን ክላውድ አካውንት ይክፈቱ፤ ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ ደንበኛ እስከ 200 ዶላር የሚደርስ ክሬዲት (ለአገልግሎቶቹ መክፈያ ብቻ የሚውል ነፃ ሒሳብ) ያገኛል፤ በነፃው ዕቅድ ስድስት ወር ወይም ክሬዲቱ እስኪያልቅ ይሠራሉ። የመጀመሪያ ሥራዎ የበጀት ማስጠንቀቂያ ማዘጋጀት ይሁን። እኔ በጀማሪነቴ በተከፈለበት አካውንት ላይ ናት ጌትዌይ የሚባለውን (የውስጥ ሰርቨሮችን ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣ አገልግሎት) ለልምምድ ከፍቼ ረሳሁት። ምንም መረጃ ባያልፍበትም በሰዓት 4.5 ሳንቲም የዶላር ይቆጥራል፤ በወር ከ32 ዶላር በላይ ይሆናል። ያን ወር የከፈልኩት ገንዘብ አንድ ነገር አስተማረኝ፤ ማንኛውንም አገልግሎት ስከፍት መጀመሪያ የምጠይቀው ሳልጠቀምበትም ይቆጥራል ወይ የሚለውን ነው።

ኤዜድ-900ን በተመለከተ፣ ጥሩ ፈተና ነው፤ ሰርተፊኬቱም ጊዜ አያልፍበትም፣ የአማዞኑ ግን በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ቢሆንም የድርጅትዎ ሥርዓት የሚዛወረው ወደ አማዞን ከሆነ መሐል መንገድ ላይ አይቀይሩ፤ ሁለት ወር የለፉበትን ስም ሁሉ በሌላ ስም እንደገና ማጥናት ይሆንብዎታል። በየቴሌግራሙ “ትክክለኛው ፈተና” እየተባለ የሚሸጠውንም አይንኩ። ከተደረሰበት ሰርተፊኬቱን ያሰርዛል፤ ያም ባይሆን መልሶቹ ብዙ ጊዜ ስሕተት ናቸው፣ እርስዎም ወደዚያ ስብሰባ ተመልሰው የሚገቡት ነገሩን ሳያውቁ ይሆናል።

ከሜክሲኮ አደባባይ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሳምንት ውስጥ 60 ካርዶችን በአማርኛ እንደገና ጻፍኩ፤ መጻፍ አቅቶኝ የቆምኩባቸው 22 ሆኑ፤ በእርግጥም የምሳሳትባቸው እነርሱ ናቸው። የ30 ደቂቃውን ጥያቄ አስገብቻለሁ፤ ቀጠሮውን በማዕከል እይዛለሁ። ትናንት በሞዴል 74 አገኘሁ። ሦስቱን ካርዶች እዚህ ልጻፍና እባካችሁ አርሙኝ።

ላምዳ (ሰርቨር ሳንከራይ ኮዳችንን የሚያሠራልን አገልግሎት)፦ ሰርቨሩን ማስተዳደር የአማዞን ነው፤ ኮዱና የፈቃድ አሰጣጡ የእኛ ነው። የምንከፍለው በተጠራበት ብዛትና ሠርቶ በፈጀው ጊዜ ነው፤ ካልተጠራ አይቆጥርም።

ስፖት፦ አማዞን ያልተያዘ አቅሙን በርካሽ የሚያከራይበት ነው፤ ሲፈልገው በሁለት ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ይወስደዋል። ስለዚህ በወር መጨረሻ የደመወዝ ሥሌት አይሠራበትም፤ ቢቋረጥ እንደገና ሊጀመር ለሚችል ሥራ ይሆናል።

አቬይለቢሊቲ ዞን፦ ሥርዓታችንን በሁለት ዞኖች ላይ ካስቀመጥነው አንድ ሪጅን (አማዞን ሰርቨሮቹን ያስቀመጠበት አካባቢ) በሙሉ ቢወድቅ እንኳ ሥራችን አይቋረጥም።

የሰርቨር ክፍል

ሁለቱ ትክክል ናቸው፤ የስፖቱን ምሳሌ እኔም እወስደዋለሁ። ሦስተኛውን ያርሙት። ዞኖቹ (እያንዳንዱ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ዳታ ሴንተር፣ ማለትም የሰርቨር ሕንፃ ነው) የሚገኙት እዚያው ሪጅን ውስጥ ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራውን የኬፕታውን ሪጅን ብንወስድ ሦስት ዞኖች አሉት፤ እያንዳንዱ የራሱ መብራትና የራሱ የኔትዎርክ መስመር ያለው ሲሆን አንዱ ዞን ቢጠፋ ሌላው ይሠራል። ሪጅኑ በሙሉ ከወደቀ ግን ሁለቱም ዞኖችዎ አብረው ይወድቃሉ፤ ለዚያ መረጃዎን በሌላ ሪጅን ጭምር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በጥያቄው ውስጥ የተበላሸው ዳታ ሴንተር ነው ወይስ ሪጅን የሚለውን ቃል ፈልገው ያስምሩበት፤ መልሱ በእርሱ ይለያል። መጻፍ ያቃተዎትን 22 ካርዶችም እዚሁ ይለጥፏቸው፣ አብረን እናያቸዋለን።