የቆላው ክትክታ ቅጠል የሚጠበው ከዘሩ ነው ወይስ ከቦታው?

የማርቆሱ መምህር፦
በደብረ ማርቆስ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ለተማሪዎቼ የመስክ ልምምድ እያዘጋጀሁ ስለሆነ ምክራችሁን ለመጠየቅ ጻፍሁ። ከማርቆስ ተነሥቶ በደጀን በኩል ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,000 ሜትር እስኪጠጋ ድረስ ወይና ደጋውንና ቆላውን በአንድ ቀን ያያል። ክትክታ በዚህ መንገድ ዳር ከላይም ከታችም ይገኛል፤ የቆላው ቅጠል ግን ከላይኛው ይልቅ ጠበብና ወፈር ያለ ሆኖ ይታየኛል። ሙቀቱና ድርቀቱ ቅጠልን የሚያጠቡት በምን ምክንያት ነው? ልዩነቱስ ከዘር የተወረሰ ይሁን ከበቀለበት ቦታ የመጣ በምን ይታወቃል? ተማሪዎቹ ያላቸው ማስመሪያ፣ ባለ ስኩዌር ደብተርና የቤተ ሙከራ ሚዛን ብቻ ነው።

የዕፀዋት ወዳጅ፦
መምህር፣ ለዚህ ጥያቄ ከክትክታ የተሻለ ተክል አይገኝም። የእኛው ክትክታ የቅርብ ዘመድ በደቡብ አውስትራሊያም ይበቅላል፤ በ2012 የወጣ ጥናት ደግሞ በዕፀዋት ቤተ መዛግብት ደርቀው የተቀመጡ ናሙናዎችን አነጻጽሮ የቅጠሉ ስፋት በ127 ዓመታት ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። የቅጠሉ ስፋት በጠቅላላው ከ1 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ምክንያቱን በተመለከተ፣ ሰፊ ቅጠል በገጹ ላይ ወፈር ያለ የረጋ አየር ስለሚይዝ ከአካባቢው ጋር ሙቀት የሚለዋወጠው በዝግታ ነው። ውኃ እስካለ ድረስ በስቶማታዎቹ (በገጹ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች) በኩል እያተነነ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ አፈሩ ሲደርቅ ግን ውኃ ለመቆጠብ ስቶማታዎቹን ይዘጋል፣ ያን ጊዜም የቀትር ፀሐይ ያረፈበት ሰፊ ቅጠል ከአየሩ በብዙ ዲግሪ ሊግል ይችላል። ጠባቡ ቅጠል ሙቀቱን ለሽውታ ነፋስ እንኳ ስለሚያስረክብ ከዚህ ጉዳት ይድናል። በማርቆስና በአባይ በረሃ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በአማካይ የ8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል የሙቀት ልዩነት እንደሚያመጣ ሲታሰብ፣ ያዩት ነገር የሚጠበቅ ነው።

ውፍረቱ ሌላ ጉዳይ ነው። በ2004 የታተመና በ175 ቦታዎች የሚገኙ 2,548 ዝርያዎችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ ስስ ቅጠል በጥቂት ወጪ ተሠርቶ በፍጥነት ምግብ ያመርትና ቶሎ ይረግፋል፤ ወፍራም ቅጠል ብዙ ወጪ ጠይቆ ረጅም ጊዜ ያገለግላል። ዋንዛንና ወይራን ጎን ለጎን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ነገር ግን ይህ ሥርዓት የተገኘው የተለያዩ ዝርያዎችን በማነጻጸር ነው፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ ሁልጊዜ በዚያው መንገድ ስለማይሄድ ተማሪዎቹ እንደ ሕግ ባይይዙት እመርጣለሁ።

የጮቄ ልጅ፦
ከላይ የተባለው መልካም ነው፤ ሆኖም «ቅዝቃዜ ቅጠልን ያሰፋል» የሚል ድምዳሜ እንዳይወሰድበት እሰጋለሁ። ጮቄ ላይ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነው አስታና ትላልቅ ቅጠል ያለው ጅብራ በአንድ ተራራ ይኖራሉ። በ2017 የወጣ፣ 7,670 ዝርያዎችን የተመለከተ ጥናት እንደሚለው በብዙ የዓለም ክፍል የቅጠልን ስፋት የሚወስነው የቀን ሙቀት ብቻ ሳይሆን የሌሊት ብርድም ነው፤ ሰፊ ቅጠል ጥርት ባለ ሌሊት ከአየሩ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ በውርጭ ይመታል። ጅብራ ትላልቅ ቅጠሎቹን በአናቱ ላይ ዙሪያውን ደርድሮ ለጋውን እምቡጥ በመሐል ይሸሽጋል። ስለዚህ ልምምዱን ከማርቆስ ወደ ላይ አትውሰዱት፤ ሁለት ተቃራኒ ምክንያቶች ይቀላቀሉባችኋል።

ችግኝ ጣቢያ፦
የዘሩን ጥያቄ ልመልስ። መስክ ላይ ብቻ በመለካት ዘርንና ቦታን መለየት አይቻልም። ክላውሰን፣ ኬክና ሂዚ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1940 ባወጡት ሥራ አንዱን ተክል ከፋፍለው በካሊፎርኒያ በ30፣ በ1,400 እና በ3,050 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተዘጋጁ ሦስት መደቦች ተከሉት፤ ከልዩ ልዩ ከፍታ የመጡትንም እንዲሁ አደረጉ። በአንድ መደብ ላይ አብረው አድገው የማይጠፋው ልዩነት የዘር ነው፤ አንዱ ተክል በየመደቡ የሚያሳየው ለውጥ ደግሞ የቦታው ነው። ከሁለቱም ከፍታ የክትክታ ዘር ሰብስበው በትምህርት ቤቱ ግቢ ይዝሩ። የዘሩ ልባስ ጠንካራ ስለሆነ ፈልቶ ከእሳት የወረደ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ቢያሳድሩት የተሻለ ይበቅላል።

አለካኩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንዱ ዛፍ ላይ እንኳ ፀሐይ የሚያገኘው የላይኛው ቅጠል ትንሽና ወፍራም፣ ጥላ ያለበት የታችኛው ሰፊና ስስ ይሆናል፤ ስለዚህ ሁሉም ከፀሐይ በኩል፣ እድገቱን ከጨረሰ ቅርንጫፍ ይቀጠፍ። ዕድሜም ያሳስታል፤ ከተቆረጠ ባህር ዛፍ ጉቶ የሚያጎነቁለውን ክብ መሰል ነጣ ያለ ቅጠልና የትልቁን ዛፍ ማጭድ መሰል ቅጠል ያየ ሰው ሁለት ዝርያ ሊመስለው ይችላል። ቅጠሉን በስኩዌር ወረቀት ላይ አስምረው የሚሸፍናቸውን ስኩዌሮች በመቁጠር የገጹን ጠቅላላ ስፋት ያግኙ፣ ከዚያ በደንብ ሲደርቅ ብዙውን አንድ ላይ መዝነው የገጻቸውን ድምር ስፋት ለክብደታቸው ያካፍሉ፤ ውጤቱ ባነሰ ቁጥር ቅጠሉ ወፍራም ወይም ጥቅጥቅ ያለ ነው።

የማርቆሱ መምህር፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ያለኝ መደብ አንድ ብቻ ነው፤ ይበቃኛል?

ችግኝ ጣቢያ፦
ለዘሩ ጥያቄ ይበቃል፤ ቦታው የሚያመጣውን ለውጥ ለማየት ግን ቆላው ውስጥ ሁለተኛ መደብ ያስፈልጋል፤ ምናልባት በሸለቆው በኩል ያለ አንድ ትምህርት ቤት ይተባበርዎ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች ግን አይለኩ፤ እናቲቱ በዘሩ ውስጥ ያስቀመጠችው ስንቅ ገና ስላላለቀ የእርሷ ቦታ በእነርሱ ላይ ይታያል።