ሸፐርዳችን ኬጅ ሲዘጋበት ሰፈር ይቀውጣል

የጃምቦ እናት (አዳማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ወር ያለፈው ወንድ ጀርመን ሸፐርድ አለን፣ ስሙ ጃምቦ። (ስሙን ያወጣው ባለቤቴ ነው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።) ግቢው የአከራያችን ነው። እማማ ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ቀሚሳቸውን እየጎተተ አስቸገረ። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት አስሬ ማዋል ደግሞ አልፈልግም። ስለዚህ ትልቅ ኬጅ (የብረት ፍርግርግ ቤት) አሠራንና በረንዳው ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር አስቀመጥነው። ዝናብ እንዳይገባ ላዩን በላሜራ አስሸፈንን።

ምግብ ሳስቀምጥለት ይገባል። በሩን ስዘጋ ግን ጉድ ነው። ጠዋት ጠዋት ደህና ነው። ከሰዓት በኋላ ያለከልካል፣ በሩን ይቧጭራል፣ ይጮሃል። ሌሊት ትንሽ አልቅሶ ይተኛል። ባለቤቴ «ተይው፣ አልቅሶ አልቅሶ ይለምዳል» ይላል። በሚቀጥለው ወር ማህበር እኛ ቤት ነው፤ እንግዳ ሲገባ እንዲረጋጋልኝ ነው የምፈልገው። ምን ላድርግ?

ዘበኛው፦
ውሻ ምን ሳጥን ያስፈልገዋል? ቀን እሰሪው፣ ማታ ፍቺው። አባቶቻችን እንደዚያ ነው ያሳደጉት።

ብየዳ ቤት (አዳማ)፦
እህቴ፣ ሥራዬ ብየዳ ነው፣ የውሻ ኬጅም እሠራለሁ። እቤቴም ሁለት ሸፐርድ አሉ። ጃምቦ ኬጁን አልጠላም፣ ሙቀቱን ነው የጠላው። ጠዋት ደህና ነው፣ ከሰዓት ያለከልካል ብለሽ ራስሽ ጽፈሽዋል እኮ። ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ያን ላሜራ በእጅሽ ንኪው። ውሻ እንደኛ በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ሸፐርድ ደግሞ ጸጉሩ ድርብ ነው። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ላሜራ፣ ከዚያ ጃምቦ። ምጣድ ላይ እንደማስቀመጥ ነው።

ላሜራውን አስነሺና ጣሪያውም ፍርግርግ ይሁን። ኬጁን ወደ ቤት አስገቢው፣ ሰው የሚውልበት ጥግ፣ መስኮት አጠገብ ግን ፀሐይ የማያገኘው ቦታ። ሸፐርድ ከሰው ሲለይ ነው የሚከፋው። ወለሉ ፍርግርግ ከሆነ ጣውላ አንጥፊበት፣ በላዩ አሮጌ ብርድ ልብስ። ከባድ ውሻ ሁልጊዜ ደረቅ ወለል ላይ ከተኛ ክርኑ ይላጣል።

የኬጁን ልክ አልነገርሽንም። ወንድ ሸፐርድ ሲያድግ ቁመቱ እስከ ትከሻው ከ60 እስከ 65 ሳንቲም፣ ክብደቱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይደርሳል። እኔ የኬጁን ርዝመት 1 ሜትር ከ20፣ ወርዱን 75፣ ከፍታውን 80 ሳንቲም አድርጌ ነው የምሠራው። ሳያጎነብስ ይቁም፣ ይዙር፣ ተዘርግቶ ይተኛ። አሁን ግን ለቡችላ ይሰፋል፤ ግማሹን መኝታ፣ ግማሹን ሽንት ቤት ያደርገዋል። የሚንሸራተት መከፋፈያ አሠሪለት፣ ሲያድግ ወደኋላ ትገፊዋለሽ። የአንገት ማሰሪያውን ሳታወልቂ ደግሞ በር እንዳትዘጊ። ብረት ላይ ከተያዘ ያንቀዋል።

በሩን በተመለከተ፣ ምግቡ ሁልጊዜ ውስጥ ይሁን። መጀመሪያ በሩን ክፍት ተዪው። ቀጥሎ እየበላ ዝጊና ሳይጨርስ ክፈቺ። ከዚያ ቀስ በቀስ አስረዝሚው። ለትንሽ ማልቀስ ቶሎ አትክፈቺ፣ ዝም ሲል ክፈቺ። ለሃጩ እየተዝረከረከ ብረት የሚነክስ ከሆነ ግን ያ ጭንቀት እንጂ እልህ አይደለም፤ አውጪውና ወደ ቀላሉ ተመለሺ። ባለቤትሽ ያለው ዘዴ ውሻውን ኬጅ ያስጠላዋል፣ ጎረቤትንም አንቺን ያስጠላል። በዚህ ዕድሜ ከአራት አምስት ሰዓት በላይ ሽንት አይቋጥርም፣ ቀን ደግሞ ከዚያም ይነስ። ሌሊት ካለቀሰ አውጥተሽ ሽንቱን አሽኚው፣ ሳታጫውቺ መልሺው።

ዘበኛው ያለው ሰንሰለት ሌላ ጣጣ አለው፣ አሁን አልገባበትም።

የጃምቦ እናት፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ላሜራው ተነሳ፣ ኬጁም ሳሎን ገባ። ከሰዓት ያለው ጩኸት ቀርቷል፤ በሩ ክፍት ሆኖ እንኳ ገብቶ ይተኛል። እማማ ሳይቀሩ «አሁን ሰው ሆነ» ብለዋል። የቀረኝ፣ ከቤት ልወጣ ስል ያለቅሳል።

ብየዳ ቤት፦
ቁልፍ ስታነሺ ይጀምራል አይደል? ቁልፉን አንሺና ተቀመጪ። ነጠላሽን ልበሺና ቡና አፍዪ። መውጣትሽን መገመት ሲያቅተው ይተወዋል። ከዚያ በር ድረስ ሄደሽ ተመለሺ፣ እያራቅሽ ሂጂ።

ለማህበሩ ቀን ኬጁን ወደ ጓዳ አዛውሪው፣ ግን ቀደም ብለሽ፤ በዕለቱ አዲስ ቦታ እንዳይሆንበት። ልጆች ጣታቸውን በፍርግርጉ እንዳይሰዱ። ጠዋት በደንብ አንሸራሽሪው፣ ከበላ በኋላ ወዲያው ግን አታስሩጪው። እንዲህ ደረታቸው ጥልቅ የሆኑ ትልልቅ ውሾች ሆዳቸው ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል፣ ይገድላል። የዶሮውን አጥንት ደግሞ አደራ፤ የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። እንግዶቹን ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ በተለይ አዛውንቶቹን። አንቺ ሳታዪያቸው ነው የሚወረውሩለት።