ከጅማ እስከ ጋላፊ በጋቢና ለሚኖር ሰው፦ ፍሪጅ፣ አይስ ቦክስ ወይስ እርጥብ ጆንያ?

ጠያቂ፦ የቆጪው ሾፌር

ጤና ይስጥልኝ። ባለተሳቢ ከባድ መኪና አሽከርካሪ ነኝ። ከጅማ ቡና ጭኜ አዲስ አበባ ካራገፍኩ በኋላ ብዙውን ጊዜ ወደ ጅቡቲ መስመር ስለምመደብ፣ ከወሩ የሚበዛውን ቀን የምበላውም የማድረውም እዚያው ጋቢና ውስጥ ነው። የጅማ አየር ለስንቅ ምቹ በመሆኑ ከቤት ስወጣ የሚያሳስበኝ ነገር የለም። የጊቤን ሸለቆ ስወርድ ሙቀቱ ጥቂት ያስጠነቅቀኛል፤ አዋሽን አልፌ ወደ ሚሌና ሰመራ ስጠጋ ግን ውኃው ለመታጠቢያ እንጂ ለመጠጥ የሚሆን አይደለም፣ ወጡም በማግስቱ ክዳኑ ሲከፈት አረፋ አውጥቶ ይገኛል።

ሂርማታ ገበያ አካባቢ አንድ ነጋዴ በሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ ቀላል ማቀዝቀዣ ሳጥን አሳይቶኛል። ዋጋው አቅሜን አይፈትንም፤ ኮምፕረሰር ያለው የመኪና ፍሪጅ ግን የዚያን ብዙ እጥፍ ይጠየቅበታል። ረዳቴ ደግሞ ሁለቱም አያስፈልጉንም፣ አይስ ቦክስና በረዶ ይበቃናል ባይ ነው። የጅቡቲ ድንበር ላይ ባለችው ጋላፊ ወረፋው ሲረዝም ሞተር አጥፍተን ቀንና ሌሊት የምንቆምበት ጊዜ ስላለ፣ ፍሪጁ ባትሪውን ጨርሶ መኪናው አልነሣም እንዳይለን እሰጋለሁ። መስመሩን የምታውቁ፣ እንዲሁም ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ምግብ አያያዝ ዕውቀቱ ያላችሁ፣ የትኛውን ብይዝ ይሻላል ትላላችሁ?

መልስ፦ የአውቶ ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ፈረንጅ አራዳ

ነጋዴው ያሳየዎት ሳጥን ኮምፕረሰርም ጋዝም የለውም፤ የተገጠመለት ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት አንድ ፊቱ የሚቀዘቅዝ፣ ሌላው ፊቱ የሚሞቅ ትንሽ ሰሌዳና ማራገቢያ ብቻ ነው። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ውስጡን ከአካባቢው ሙቀት ቢበዛ 20 ዲግሪ ያህል ነው ዝቅ ማድረግ የሚችለው። ጅማ ላይ በ24 ዲግሪ ሲሞከር ውስጡ 4 ዲግሪ ደርሶ ገዢውን ያስደስታል፤ ሰመራ ላይ ጋቢናው 42 ሲሆን ግን ከ22 በታች አይወርድም። እንዲህም ሆኖ ከሚፈለገው ቅዝቃዜ ደርሶ የሚያርፍበት ጊዜ ስለሌለው ያለማቋረጥ ባትሪ ይበላል።

ኮምፕረሰር ያለው ፍሪጅ ግን በዚያ ሙቀትም ቢሆን ምግቡን 4 ዲግሪ ላይ ያቆይልዎታል። 40 ሊትር ገደማ የሚይዘው በሚሠራበት ጊዜ ወደ 50 ዋት ይወስዳል፤ ይህም በ24 ቮልት መኪና ላይ 2 አምፔር ያህል ነው። ችግሩ በረሃ ላይ እምብዛም ስለማያርፍ ሞተር ጠፍቶ በአንድ ቀንና ሌሊት ከ30 እስከ 45 አምፔር ሰዓት ሊፈጅ መቻሉ ነው። የማስነሻ ባትሪ ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት፣ አንድ ሌሊት አያሰጋዎትም፤ የሁለት ሦስት ቀን ወረፋ ግን ያሰጋዎታል። ስለዚህ የባትሪው ኃይል ሲወርድ ፍሪጁን በራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ያለውን ይምረጡና ቀድሞ እንዲያጠፋ ያስተካክሉት። ወረፋው የሚበዛብዎ ከሆነም ጣሪያው ላይ 200 ዋት የሚሆን ሶላር ቢያስሩ ብዙ ያግዝዎታል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። የመኪናዎ 24 ቮልት የሚገኘው ከተቀጣጠሉ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ነው፤ የ12 ቮልት ዕቃ ያለው ብዙ ሰው ታዲያ ከሁለቱ ከአንዱ ብቻ ገመድ ይስባል። እንዲህ ሲደረግ አንደኛው ባትሪ ሁልጊዜ ሳይሞላ፣ ሌላው ከመጠን በላይ እየሞላ፣ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይበላሻሉ። በ24 ቮልት የሚሠራውን ፍሪጅ ይፈልጉ፤ ካልተገኘ የቮልት መቀነሻ ያስገጥሙ።

መልስ፦ የቀድሞ የአሰብ መስመር ሾፌር

ልጄ፣ እኔ ያሽከረከርኩት መስመሩ በ1990 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ ወደ አሰብ ነው። የመኪና ፍሪጅ በእኛ እጅ አልነበረም። ውኃ የምናቀዘቅዘው ጀሪካኑን በቃጫ ጆንያ ጠቅልለንና ጆንያውን አርሰን፣ ከጋቢናው ጀርባ ጥላና ነፋስ በሚያገኝበት በኩል በማሰር ነበር። ከጆንያው የሚተነው እርጥበት ከጀሪካኑ ውኃ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ይህ ዘዴ የሚሠራው አየሩ ደረቅ በሆነበት በአፋር ምድር ነው፤ በጅማ ክረምት ጆንያው ውሎ አድሮም ስለማይደርቅ ልፋቱ ከንቱ ነው። እንግዲህ ባለሙያው እንዳሉት ያ ሳጥን በረሃ ላይ እስከ 22 ዲግሪ ብቻ የሚያወርድ ከሆነ፣ እርጥብ ጆንያም ያለ ምንም ወጪ ወደዚያው ያደርስሃልና ገንዘብህን አታባክንበት።

ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ በሁለት ማሰሮዎች መካከል እርጥብ አሸዋ ሞልቶ አትክልት ሳይበላሽ በማቆየቱ እ.ኤ.አ. በ2000 የሮሌክስን ሽልማት ያገኘው በዚሁ መላ ነው። ሸክላ ግን ለመኪና አይመከርም፤ ሰመራ ሳይደርስ ገል ይሆናል።

አይስ ቦክስ ከያዝክ ከሞተሩ ክዳን አርቀው፣ በመስታወት የሚገባው ፀሐይም አይምታው፤ ብርድ ልብስ አልብሰው።

መልስ፦ የምግብ ደኅንነት ባለሙያ፣ ጂረን

ጋሼ ስለ ውኃው የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለውኃ የሚበቃው ቅዝቃዜ ለወጥ አይበቃም። የበሰለ ሥጋ፣ ወተት፣ ዓሣና ሩዝ ከ5 ዲግሪ በታች ወይም ከ60 ዲግሪ በላይ ካልተቀመጡ ተሕዋስያን በፍጥነት ይራቡባቸዋል። በተራ የክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለባቸውም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ ነው። ሾፌሮች «ደግሜ አፍልቼዋለሁ» ሲሉ እሰማለሁ፤ ይሁንና በበሰለ ሩዝ ላይ የሚፈጠረው አንዱ መርዝ ማፍላት የማያጠፋው ስለሆነ፣ ከዚህ ጊዜ በላይ ሳይቀዘቅዝ የቆየ ሩዝ መጣል አለበት።

የረዳትዎ ሐሳብ የማይናቅ ነው፤ ሒሳቡ ግን መታወቅ አለበት። 1 ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ የሚወስደው ሙቀት ያንኑ 1 ኪሎ ውኃ ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገውን ያህል በመሆኑ በረዶ ጠንካራ አገልጋይ ነው። ሆኖም 30 ሊትር የሚይዝና የፎሙ ውፍረት 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ አይስ ቦክስ በ40 ዲግሪ ሙቀት በቀን 6 ኪሎ ያህል በረዶ ይጨርሳል፤ በጅማ አየር የዚህ ግማሽ ይበቃዋል። ፎሙ እጥፍ ቢወፍር ፍጆታው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ እስከ አዲስ አበባ አይስ ቦክስ ያለ ጥርጥር ይበቃዎታል፤ ከአዋሽ ወዲያ ግን በየቀኑ በረዶ ካላገኙ አያዛልቅም።

ባለቤትዎ ወጡን ለአንድ ጊዜ ማዕድ በሚበቃ ዕቃ ከፋፍለው ፍሪዘር ውስጥ ድንጋይ እስኪመስል ቢያቀዘቅዙት፣ ስንቁ ራሱ በረዶ ሆኖ ያገለግላል። በሃይላንድ ጠርሙስ የሚቀዘቅዘው ውኃም ሲቀልጥ ይጠጣል፤ ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ጠርሙሱን እስከ አፉ አይሙሉት። በመንገድ የሚገዙት በረዶ ከምን ውኃ እንደተሠራ ስለማይታወቅ ብርጭቆ ውስጥ አይግባ።

ቋንጣ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ የጅማ ማርና ያልበሰለ አቮካዶ ቅዝቃዜ አይሹምና ቦታውን አያጣብቡበት። እንጀራም ጎምዛዛ ስለሆነ የሚያሰጋው ሻጋታ ነው፤ በረዶ ቀልጦ ከሚያረጥበው ስፍራ ይራቅ።

የቆጪው ሾፌር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሼ፣ ጆንያ በእኛ ቤት ሞልቷል። ለጊዜው ፎሙ ወፍራም የሆነ አይስ ቦክስ ገዝቼ በወጥ በረዶው ልጀምርና፣ ለጅቡቲው መስመር ባለኮምፕረሰሩን በ24 ቮልት አፈላልጋለሁ። ለኤሌክትሪክ ባለሙያው አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ፍሪጁን በሲጋራ መለኮሻው በኩል ብሰካው ጉዳት አለው?

የአውቶ ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ፈረንጅ አራዳ

የመለኮሻው ገመድ ቀጭን ስለሆነና ሶኬቱም በመንገዱ ንዝረት ስለሚላላ፣ ቮልቱ መንገድ ላይ ይወርድና ባትሪው ሞልቶ እያለ ፍሪጁ «ባትሪ አልቋል» ብሎ ይጠፋል። ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ በቀጥታ ከባትሪዎቹ ያስስቡ፤ 15 አምፔር ፊውዙም በፍሪጁ በኩል ሳይሆን በባትሪው አጠገብ ይግባ። ፍሪጁ ሙቀቱን በሚያስወጣበት ጎን በኩል ልብስና ፍራሽ እንዳይጠጋው አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ይተዉለት።