የመስኮት ጎማ ራሴ ላመርት አስቤአለሁ
ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ የአልሙኒየም በርና መስኮት እሠራለሁ። ዳር ዳሩን የማስገባው የፒቪሲ ጎማ ፀሐይ በሚመታው በኩል ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃል። ክረምት ሲገባ ደንበኛ ይደውላል፤ «ውኃ አስገባ» ይለኛል። በጣም ይከብደኛል፣ ሥራዬ ነዋ! ጎማውን ራሴ ባመርትስ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ችግሩ ጥሬ ዕቃው ነው። ፒቪሲን የሚያለሰልሰው ኬሚካል በሙቀት ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ከዚያ ይደርቃል። ኢፒዲኤም የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ግን ፀሐይ ይችላል። በማሽኑ የቅርጽ ማውጫ አፍ ተገፍቶ ከወጣ በኋላ በሙቀት መብሰል አለበት፤ ያልበሰለ ጎማ ከተጫኑት ወደ ቅርጹ አይመለስም።

መልስ 2፦ ለጀማሪ ቲፒኢ (እንደ ጎማ የሚለጠጥ፣ ሲሞቅ የሚቀልጥ ፕላስቲክ) ይሻላል። መብሰል አይፈልግም፤ ትርፍራፊውም ቀልጦ እንደገና ይሠራል።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ! የመስኮቱን ክፍተት በሚሊሜትር ለክቼ እመለሳለሁ።