ረግረጉ ውስጥ የእግርና የብስክሌት መንገድ ይግባ ወይስ ይቅር?

ጥያቄ አንሺ፦ በባሕር ዳርቻ ባለ ጥብቅ ረግረግ ውስጥ ሜዳማ፣ ለማንም የማይከብድ የእግርና የብስክሌት መንገድ ይሠራ ወይስ አይሠራ? እኔ ይሠራ ባይ ነኝ። ረግረግ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ትንኝና ጭቃ ነው። ገብቶ ካላየው ሌላ ነገር እንዳለው በምን ያውቃል?

ወፍ ተመልካች፦ እኔ አልስማማም። እዚያ ጭቃ ላይ የሚለቅሙት ወፎች ወዴት እንደሚሄዱ አስቡ። ባር ቴይልድ ጎድዊት የሚባለው ወፍ ከአላስካ ተነስቶ ኒውዚላንድ እስኪደርስ አያርፍም፤ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ገና የአምስት ወር ዕድሜ ያለው አንዱ እስከ አውስትራሊያዋ ደሴት ታዝማኒያ 13,560 ኪሎ ሜትር በረረ። የመንገዱ ስንቅ ስብ ነው። ስቡን የሚያጠራቅመው ደግሞ ባሕሩ ጎድሎ ጭቃው ሲገለጥ ነው። ሰው ደጋግሞ ካስነሳው የበላውን እዚያው ይጨርሰዋል።

ብስክሌተኛ፦ ስለ ወፉ የጻፍከው ልቤን ነክቶታል። ግን ጥፋቱ ሁሉ ብስክሌት ላይ አይውደቅ። ወፍ በጣም የሚበረግገው ከመንገድ በሚወጣ ሰውና ባልታሰረ ውሻ ነው። አሜሪካ ውስጥ በኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርክ፣ ሻርክ ቫሊ የሚባል ቦታ፣ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ዙሪያ መንገድ አለ። የግል መኪና አይገባም። እግረኛና ብስክሌተኛ ግን ይሄድበታል፤ አሊጌተር የሚባሉት የአዞ ዘመዶችም መንገዱ ዳር ፀሐይ ይሞቃሉ።

ወፍ ተመልካች፦ እህቴ፣ ሻርክ ቫሊ እኮ ጨው የሌለው ውሃ ያለበት የሣር ረግረግ ነው። ባሕር እየሞላ የሚጎድልበት ጭቃ ሌላ ነው። መደበቂያ ሣር የለውም። ወፉ ከሩቅ ያይሻል።

እናቴን የምገፋ፦ እኔ እናቴን በዊልቸር ነው ይዣት የምወጣው። ተራራ አይሆንላትም፤ አሸዋ ላይ ጎማው ይሰምጣል። ረግረግ ግን ሜዳ ነው። ደልዳላ መንገድ ካለው ውሃና ወፍ በቅርብ ልታይ የምትችልበት ቦታ ይሄ ብቻ ነው። እባካችሁ «ቀላል መንገድ» ስትሉ እንደ ቅንጦት አትቁጠሩት።

የውሃ መሐንዲስ፦ እስካሁን ይሠራ አይሠራ እንጂ የት እንደሚሠራ ማንም አላነሳም። ለእኔ ዋናው እሱ ነው። አፈር ደልድለው ረግረጉን መሐል ለመሐል ከቆረጡት የባሕሩ ውሃ ገብቶ መውጣት ያቅተዋል። ወዲያ ማዶ ያለው ተክል ይሞታል። ስለዚህ ብስክሌቱ በዳር በኩል፣ ድሮ የተሠራ ግድብ ካለ በእሱ ላይ ይሂድ። ወደ ውስጥ የሚገባው በምሰሶ ላይ የቆመ አጭር የጣውላ መንገድ ይሁን፤ ውሃው በሥሩ ይለፍ። ብስክሌት እዚያ በር ላይ ይቆማል፣ ዊልቸር ይገባል። ጫፉ ላይ ሰውን ከወፍ የሚጋርድ የመመልከቻ ቤት ይሠራ። ረግረጎችን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1971 የተፈረመው ዓለም አቀፉ የራምሳር ስምምነትም ረግረግን በጥበብ ተጠቀሙበት ይላል እንጂ ለሰው ዝጉት አይልም።

ብስክሌተኛ፦ በዚህ እስማማለሁ። ለመጨረሻዋ አጭር መንገድ ወርጄ በእግሬ ብሄድ ምንም አይጎድልብኝም።

ወፍ ተመልካች፦ ለእናትየው ስል የጣውላውን መንገድ ተቀብያለሁ። ግን ወፎች በሚፈለፍሉበትና ለጉዞ በሚሰነቁበት ወራት የውስጡ መንገድ ይዘጋ። ይህም ግንባታው ሳይጀመር በደንብ ይጻፍ። ውሻ ጭራሽ አይግባ። ደንቡን የሚያስከብር ጠባቂ በቋሚነት ካልተቀጠረ ደግሞ ድምፄ አሁንም «አይሠራ» ነው።