ደብረ ብርሃን ላይ ግሮሰሪ አለኝ፣ ሲጋራውን እንዴት ላስቁመው?

የጠባሴው፦

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። ጠባሴ አካባቢ ትንሽ ግሮሰሪ አለኝ። ስምንት ጠረጴዛ፣ አንድ ቲቪ፣ ቢራና ድራፍት፣ ለሚፈልግ ደግሞ አረቄ። ሁለት ልጆች ቀጥሬ ነው የማሠራው።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ። ጥቅምት ገብቶ ውርጩ ሲጀምር ገና በጊዜ በሩም መስኮቱም ይዘጋል፣ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል፣ ኳስ ያለ ቀን ደግሞ ቆሞ የሚያየው ሁሉ ይጨመርና ቤቱ ጢም ይላል። የሚያጨሱት ስድስት ወይ ሰባት ቢሆኑ ነው። ግን ጭሱ መውጫ የለውም። የጣርማ በር ጉም ቤቴ የገባ ነው የሚመስለው።

አንዷ አስተናጋጄ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው ሳምንት ሳሏ አልቆም ሲል ወደ ቤትሽ ሂጂ አልኳት። «ጋሼ፣ ጉንፋን አይደለም፣ ጭሱ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ብከለክል ሰው ጎረቤት ገብቶ ያጨሳል፣ ገበያዬን አጣለሁ ብዬ እፈራለሁ። ሌላው ደግሞ ቤቱን ከከፈትኩ ጀምሮ የሚመጡ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ጥግ ላይ ተቀምጠው ሁለት አረቄ ጠጥተው ሦስት ሲጋራ አጭሰው ነው የሚሄዱት። እሳቸውን በዚያ ብርድ «ውጭ ወጥተው ያጭሱ» እንዴት ነው የምለው? አባቴ እኮ ናቸው በዕድሜ።

ሕጉ በትክክል ምን ይላል? ከጓዳ አንድ ክፍል ለአጫሾች ብለይ ወይም የአየር ማውጫ ባስገጥም ይበቃል? ያደረጋችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።

ሲስተር፦

ወንድሜ፣ ስለ ልጅቷ ማሰብህ ደስ ብሎኛል። ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው።

ሕጉ አዲስ አይደለም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይባላል፣ ፓርላማው ያጸደቀው ጥር 28 ቀን 2011 ነው። ጣሪያና ግድግዳ ያለው ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቤት ሁሉ፣ የሥራ ቦታም ሁሉ፣ ውስጡ አይጨስበትም። ግሮሰሪም መጠጥ ቤትም ከዚህ አይወጣም። በረንዳ ላይ ቆሞ ማጨስም አይሆንም፣ ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር መራቅ አለበት። ሺሻ ጨርሶ የተከለከለ ነው። ዕድሜው 21 ላልሞላው ትምባሆ መሸጥም አይቻልም።

ለአጫሾች ክፍል መለየት ያልከውን ተወው። ሕጉ አይፈቅደውም፣ ደግሞም ወደዚያ ክፍል ቢራ ይዛ የምትገባው ያችው ልጅ ናት። የአየር ማውጫውም ሽታውን ይቀንስልህ ይሆናል እንጂ መርዙን አያጠራውም። በጭሱ ውስጥ ካንሰር የሚያመጡት ብቻ ወደ 70 የሚጠጉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ነፍሰ ጡር ስትተነፍሰው ፅንሱም ይካፈለዋል፣ ልጁ ክብደቱ አንሶ የመወለድ ዕድሉ ይጨምራል።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም ልንገርህ። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ጥር 1998 ባር ውስጥ ማጨስ ሲከለከል፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ 53 የባር ሠራተኞችን ከክልከላው በፊትና በኋላ መርምረዋቸው ነበር። በፊት 39ኙ ሳል ወይም ሌላ የመተንፈሻ ችግር ነበረባቸው። ከእነዚህ 23ቱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለቀቃቸው። ያውም እዚያው ባር ውስጥ እየሠሩ።

የመንዝ ሰው፦

እኔ አጫሽ ነኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሲስተር ያለችው እውነት ነው፣ አልከራከራትም። ግን የእኛም ነገር ይሰማ።

ሲጋራ በአገሩ በሕግ የሚሸጥ ዕቃ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በየፓኬቱ 8 ብር፣ በዚያ ላይ ከማምረቻ ዋጋው 30 በመቶ ግብር ጥሎበት ነበር። ከፍዬ ነው የማጨሰው። ፍሬ ሲጋራ የሚሸጠው ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ እኔ ግን ለማጨስ ስሆን በሌሊት ውርጭ አሥር ሜትር ርቄ እንድቆም ይፈለጋል። መሐል ሜዳ ላይ ጥር ወር ሌሊት ውጭ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እጅ ክብሪት አይጭርም እኮ።

ክልከላው ይቅር አላልኩም። ሰውየው መጠለያ ይሥራ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ቢቻል አንድ ማንደጃ ከሰል። ሰው እንደ ሰው ከተስተናገደ ይወጣል። «ውጣ!» ከተባለ ግን እልህ ይገባል።

ሽማግሌውንም ሰው ፊት አትንገራቸው። ቀን ላይ፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ቡና ጋብዘህ ንገራቸው። ስለ ሕግም አታንሳባቸው። ልጅቷ ነፍሰ ጡር መሆኗን ብቻ ንገራቸው። የእኛ አገር ሽማግሌ ያን ሰምቶ ክብሪት አይጭርም።

ሮቢት፦

የመንዙ ወንድሜ፣ ብርዱን አትጥራብኝ። እኔ ሸዋ ሮቢት ባር ውስጥ አራት ዓመት አስተናግጃለሁ። ሮቢት እኮ ሙቀት ነው። በሩ ክፍት፣ መስኮቱ ክፍት፣ ግቢው ሰፊ። ሰው ግን ያጨስ የነበረው ጠረጴዛው ላይ ነው። ማንም ተዉ ስላላላቸው ነው እንጂ ስለበረዳቸው አይደለም።

እናንተ ሁለት ሰዓት ተቀምጣችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት እዚያው ነኝ። ሲጋራ አፌ ላይ አድርጌ አላውቅም፣ ግን ጠዋት አክታዬ ጥቁር ነበር። ቤት ስገባ ልጄን ከማቀፌ በፊት ፀጉሬን በቀዝቃዛ ውኃ እታጠባለሁ፣ ሻሼንም ልብሴንም ውጭ አሰጣለሁ። ልጄ ግን «እማ ትሸቻለሽ» ይለኝ ነበር። ይሄን ስጽፍ እንኳ ያመኛል።

ደንበኛውን አጥፉልኝ ማለት አልችልም። ቲፑ ይቀራል። ባለቤቱ ደንበኛ አባረርሽ ይላል። ጭራሽ «ሂጂ ሁለት ፍሬ ገዝተሽ ነይ» የሚለኝም ነበር። አንዴ ሕመሙ ሲብስብኝ ሦስት ቀን ቀረሁ፣ ደሞዜ ላይ ተቆረጠብኝ።

ስለዚህ ጠያቂው ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ። አጥፉ የሚለውን አንተ ራስህ በል። በልጆቹ አፍ አታስብለው። አስተናጋጅ ስትናገር ይሳደባሉ፣ ባለቤት ሲናገር ይሰማሉ።

ደብረ ሲና ላይ የምሠራ፦

እኔ አድርጌዋለሁ፣ ዓመት አለፈኝ። የሆነውን ሳልደብቅ ልንገርህ።

መጀመሪያ መተርኮሻውን ሁሉ ከጠረጴዛ አነሳሁ። ይሄ ከምታስበው በላይ ይሠራል። መተርኮሻ ካለ እኮ አጭሱ ማለት ነው። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ለሚመጣው ሁሉ «ከመስከረም አንድ ጀምሮ ውስጥ አይጨስም» እያልኩ ተናገርኩ። ጽሑፉን በሩ ላይም ሽንት ቤቱ ላይም ለጠፍኩ። ሽንት ቤቱን አትርሳው፣ ተደብቀው የሚያጨሱት እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ወር ከባድ ነበር። ሽያጩ ወረደ። ሦስት ደንበኞቼ እስከ ዛሬ አልተመለሱም፣ አንዱ አብሮ አደጌ ነው፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝም ሰላም አይለኝም። ቀስ እያለ ግን ሌላ ሰው መጣ። ከሚስቱ ጋር እራት የሚበላ፣ ደሴ መንገድ ላይ የሚያልፍ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ የሚገባ። በፊት በሩን ከፍተው ሽታውን አይተው ይመለሱ ነበር እኮ።

አየርላንዶች እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2004 መጠጥ ቤትን ጨምሮ የሥራ ቦታን ሁሉ ከጭስ ነፃ ሲያደርጉ የዓለም የመጀመሪያዋ አገር ነበሩ። እነሱም ብርድና ዝናብ አለባቸው፣ መጠጥ ቤትም ኑሯቸው ነው። ያኔም ባለቤቶቹ ተንጫጩ፣ ከሰርን አሉ። ክልከላው ግን ቀጠለ። አንተም ቁጥሩን አስበው። እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 አገር አቀፍ ጥናት ሲደረግ ትምባሆ የሚጠቀመው ከአዋቂው ሕዝብ 5 በመቶ ነበር፣ ወንዶቹን ብቻ ብትወስድ እንኳ 8 በመቶ ገደማ። ለጥቂቶች ብለህ ነው ብዙዎቹን የምታጨሳቸው።

የሚያስቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ሕጉ ለሁሉም ነው፣ የሚያስከብረው ግን እኔ ብቻ ስሆን ቅጣቱ ወደ እኔ ይዞራል። አምስት ጎረቤቶቼን አናገርኩ፣ ሁለቱ ብቻ ተከተሉኝ። ብትችል ብቻህን አትጀምር።

የመንዝ ሰው፦

ሮቢት እህቴ፣ ይቅርታ። የልጅሽን ነገር ሳነብ ደነገጥኩ። እኔም የአምስት ዓመት ልጅ አለኝ፣ እየሸተትኩ ነው የማቅፈው። መጠለያው ላይ ግን አሁንም አቋሜ ያው ነው።

ሲስተር፦

መጠለያ ከተሠራ በጎኑ ክፍት ይሁን። በሸራ ከተጋረደ እንደገና ቤት ሆነ ማለት ነው። ልጅቷን ደግሞ የእርግዝና ክትትል ስትሄድ ጭስ ያለበት እንደምትሠራ ትናገር፣ ብዙዎቹ አይናገሩም።

የጠባሴው፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት በሜትር ለካሁት። ከጓሮው በር እስከ አጥሩ 14 ሜትር አለ። አጥሩ ሥር ቆርቆሮ አደርጋለሁ፣ ጎኑን ክፍት እተወዋለሁ።

ሽማግሌውን ቀን ላይ አናገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ስንት ወሯ ነው?» አሉኝ። ስድስት አልኳቸው። ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን ፓኬት አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና «እስክትወልድ አንተ ጋ ይቀመጥ፣ ስወጣ አንዷን ስጠኝ» አሉ።

ጎን ካሉት ሁለት ግሮሰሪዎች አንዱ እሺ ብሎኛል። ሌላኛውን እሁድ አገኘዋለሁ። ሮቢት እህቴ፣ ልጅቷ ጭሱ እስኪወጣ ድረስ ቤቷ ናት፣ ደሞዟ አይነካም።