«ድንጋዩ ይመሰክራል» ለተባለው፦ የትኛው ድንጋይ?

ታሪክ ወዳጅ፦ ትናንት እዚህ የተለጠፈው ጽሑፍ አናዶኛል። «ቱርኮች ከተኩላ እናት መወለዳቸውን ድንጋዩ ይመሰክራል» ይላል። የትኛው ድንጋይ? በሞንጎሊያ በኦርኮን ሸለቆ የቆመው የጥንቶቹ ቱርኮች ልዑል የኩል ተጊን ሐውልት እ.ኤ.አ. በ732 የተጻፈ ነው። የዘር ሐረጉን ሲጀምር በላይ ሰማዩ፣ በታች ምድሪቱ በተፈጠሩ ጊዜ የሰው ልጅ በመካከላቸው ተፈጠረ፤ በሰው ልጆችም ላይ ቡሚን ካጋንና ኢስተሚ ካጋን ነገሡ ይላል፤ ካጋን የንጉሠ ነገሥት ማዕረግ ነው። ተኩላ የሚጠቀሰው የኩል ተጊን አባት ሠራዊት እንደ ተኩላ፣ ጠላቱ እንደ በግ ነበር በሚለው ቦታ ነው። እናት አልተባለችም።

ባለ ሰንደቅ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ አላነሣውም። አንዱ ድንጋይ ዝም ስላለ ሌላውም ዝም ይበል? እ.ኤ.አ. በ1956 በሞንጎሊያ የተገኘው የቡጉት ሐውልት ከኩል ተጊን በ150 ዓመት ገደማ ይቀድማል። በአናቱ ላይ ተኩላ፣ ከሥሯም ሰው ተቀርጿል። የቻይናው የዦው ዜና መዋዕልም እግሩ የተቆረጠ አንድን ልጅ ተኩላ ሥጋ እየመገበች እንዳሳደገችው፣ ከእርሱም ፀንሳ በዛሬይቱ ምዕራብ ቻይና ካለችው ከቱርፋን በስተሰሜን ባለው ተራራ 10 ወንዶች ልጆች እንደ ወለደች፣ የቱርኮቹ ነገሥታት ዘር የሆነው የአሺና ቤት ከእነርሱ እንደ ተገኘ ጽፏል። በሰንደቃቸው ጫፍ የወርቅ ተኩላ ራስ የሰቀሉትስ ለጌጥ ነው?

ታሪክ ወዳጅ፦ ወንድሜ፣ ሰንደቁንም የነገሩን ቻይናውያን ናቸው። የቡጉት ቅርጽ ደግሞ ተሸርሽሯል፤ ዘንዶ ነው የሚሉ አጥኚዎች አሉ። እንዲህ ያለ ምስክር ይዞ «ይመሰክራል» ማለት ድፍረት ነው።

የብራና ልጅ፦ ሁለታችሁም ሌላውን የቻይና መጽሐፍ፣ የሱይን ዜና መዋዕል፣ ዘላችሁታል። በ439 የሰሜን ቻይናው መንግሥት ሰሜናዊው ዌይ የጁጩን ገዢ ቤት ሲያጠፋ 500 የአሺና ቤተሰቦች የሞንጎሊያን ሜዳ ይገዛ ወደነበረው ወደ ሩራን መንግሥት ሸሹ፤ በአልታይ ተራራ ሰፍረው ብረት ይሠሩ ነበር ይላል። የዦው ዜና መዋዕል ራሱ ከተኩላዋ ተረት ጎን ከሰሜን አገር መጡ የሚል ሌላ ትረካ አስቀምጧል። ጸሐፊዎቹ ያልቆረጡትን እናንተ በአንድ ሌሊት ልትቆርጡት ነው? እኔን የሚገርመኝ የብረቱ ነገር ነው። ቡሚን የሩራኑን ካጋን የአናጓይን ልጅ ለጋብቻ ቢጠይቅ «አንተ የእኔ ብረት ቀጥቃጭ ባሪያ» ተብሎ ተሰደበ። በ551 የሌላውን የቻይና መንግሥት፣ የምዕራባዊውን ዌይ፣ ልዕልት አገባ፤ በ552 ሩራንን ደመሰሰ፤ አናጓይም ራሱን ገደለ። የመንግሥቱ መነሻ ይህ ነው።

ባለ ሰንደቅ፦ እህቴ፣ ስለ ብረቱ አመሰግንሻለሁ። ከተራራ ስለ መውጣት የሚተርከው የኤርገነኮን ተረትም ይህንኑ ያጸናል፤ አባቶቻቸው የብረቱን ተራራ በ70 ወናፍ አቅልጠው፣ በተኩላ እየተመሩ ወጡ።

የብራና ልጅ፦ አያጸናም! ኤርገነኮንን በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የጻፈው የፋርሱ ታሪክ ጸሐፊ ራሺድ አል ዲን ነው፤ የተረከውም ስለ ሞንጎሎች ነው። መንገድ መሪዋ ተኩላ እርሱ ዘንድ የለችም፤ ኋላ የተጨመረች ናት። የሌላውን ቤት ተረት ወስዶ ለቡሚን ማልበስ ተገቢ አይደለም።

ዘአባይ፦ ስለ ተኩላ ስትጨቃጨቁ ዋናው ነገር አመለጣችሁ። የቱርክ ምድር ጦር ምሥረታውን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ209 ይቆጥራል፤ በሞንጎሊያ ሜዳ ዘላን ሕዝብ በነበሩት በሢዮንግኑ ንጉሥ በሞዱ ዘመን ማለት ነው። ከሞዱ እስከ ቡሚን ከ700 ዓመት በላይ አለ! ድንጋዩ ስለዚህ ምን ይመሰክራል?

ባለ ሰንደቅ፦ አሁን ደግሞ ፖለቲካ አመጣህ። ሕዝብ የራሱን አያት ቢቆጥር ምን ያናድድሃል? እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው የቱርኮቹ ልዕልት የእቴጌ አሺና የዘረመል ጥናት የዘሩን ምንጭ ሰሜን ምሥራቅ እስያ አድርጎታል፤ እንደኔ ሢዮንግኑም እዚያው ናቸው።

ዘአባይ፦ ጥናቱ የአንዲት ሴት ነው። በ582 የሞተች አንዲት እቴጌ ለመላው ሕዝብ፣ ያውም ለሞዱ ዘመን መልስ ልትሰጥ አትችልም። ደግሞም ዘር በአንድ አካባቢ መገኘቱ መንግሥት ሳይቋረጥ መቀጠሉን አያሳይም።

ባለ ሰንደቅ፦ ይሁን፤ ድንጋዩ ይመሰክራል ያልኩትን ግን አላነሣም። ዘንዶ ነው የሚል ፎቶግራፉን ያምጣ።

ታሪክ ወዳጅ፦ አመጣዋለሁ። አንተም የኩል ተጊንን ምሥራቃዊ ገጽ ከመጀመሪያው መስመር አንብብና ተኩላዋ እናት የተባለችበትን አሳየኝ።